ለሚያሳክክ ደረቅ ቆዳ አጃ፣ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን ወይስ ቅቤ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ኅዳር ሲገባ ደሴ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ደህና የነበረ ቆዳ አመዳም ይሆናል። ከንፈር ይሰነጠቃል። ማታ ካልሲ ሲወልቅ እጅ ሳይታዘዝ ወደ ቅልጥም ይሄድና ማከክ ይጀመራል፤ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ያኔ ሁሉም ቤት ያፈራውን ያነሳል። እናት ቅቤ ታመጣለች፣ ጎረቤት ግሊሰሪን ይሻላል ትላለች፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያዩትን አጃ ይላሉ፣ ፋርማሲ የሄደው ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ክሬም ይዞ ይመጣል።

እነዚህን ላነጻጽርላችሁ ነው። አቋሜን ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አጃ ማሳከክን ያበርዳል፣ እርጥበቱን ይዞ የሚያቆየው ግን ቅባት ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ነው ለውጥ የሚታየው። አጃ ብቻውን ሞክሮ "አልሠራልኝም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ግማሽ ትቶት ነው። እና አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፦ እከክንና ጭርትን አጃም ቅባትም አያድኑም።

መጀመሪያ ድርቀት መሆኑን እዩ

የድርቀት ማሳከክ መልኩ ይታወቃል። ቆዳው ሻካራ ነው፣ በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር ይተዋል፣ ቅልጥም፣ ክንድ፣ ወገብ አካባቢ ይበረታል፣ ከታጠቡ በኋላ ይብሳል፣ ቅባት ሲነካው ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን ይረግባል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ቆዳቸው የራሱን ቅባት የማመንጨት አቅሙ ስለሚቀንስ። እንዲህ ከሆነ አብሽሩ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

እከክ ሌላ ነው። ማታ ማታ ይብሳል፣ በጣቶች መሀል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ፣ በብልት አካባቢ ትንንሽ ሽፍታ ያወጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው እየተላለፈ ቤተሰቡን በሙሉ ያሳክካል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን በሰፊው ተዛምቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቆዳ ውስጥ የምትቆፍር በዓይን የማትታይ ተባይ ናት የምታመጣው፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ተባይዋን የሚገድል ነው፦ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ክሬም፣ የድኝ ቅባት፣ ቤንዚል ቤንዞዌት፣ አንዳንዴም የሚዋጥ አይቨርሜክቲን። የትኛው ለማን እንደሚሆን ጤና ጣቢያ ይነግሯችኋል። የማያሳክከውም የቤት ሰው በአንድ ቀን አብሮ መታከም አለበት፤ አንድ ሰው ከቀረ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ልብስና አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ መታጠብ የማይችለው ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቀመጥ።

ጭርት ደግሞ ክብ ነው፣ ጠርዙ ቀላ ብሎ ከፍ ይላል፣ መሀሉ እየዳነ ይሰፋል። እሱም የፈንገስ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ሌላው፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ሲነኩት ስሜት የሌለው ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ባያሳክክም ባያምም፣ ቤት ውስጥ ምንም አትቀቡት። የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በመድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፣ ግን ቶሎ መታየት አለበት። ለዚህ የደሴ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናና በሥጋ ደዌ አገልግሎቱ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ቤት ነው፣ ከከተማው ሩቅም አይደለም።

አጃ ምን ያደርጋል?

ወሬ ብቻ አይደለም። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ውሃ የሚይዝ ነገር አለ፤ አጥሚቱን የሚያዝለገልገው እሱ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ደግሞ አቬናንትራማይድ የሚባሉ ውሕዶች አሉት፣ እነሱ ናቸው መቅላቱንና ማሳከኩን የሚያረግቡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2003 እ.ኤ.አ. በጣም የላመ የአጃ ዱቄትን ቆዳን ከሚከላከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለደረቀ ቆዳ፣ ለነፍሳት ንክሻ፣ ለጉድፍ ማሳከክ፣ ኤክዜማ ለሚባለው ቆዳን እያደረቀና እያስቆጣ ለሚያሳክክ ሕመም እንደ ረዳት ይጠቀሙበታል።

እዚህ ላይ "በጣም የላመ" የሚለውን ያዙልኝ። ዱቄቱ ካልላመ ውሃው ላይ አይንሳፈፍም፣ ከታች ይዘቅጣል፣ እናንተም በተራ ውሃ ታጥባችሁ ትወጣላችሁ።

የማያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ማስታገሱ የሰዓታት ነው። ከውሃው ወጥታችሁ ቆዳችሁን እንዲሁ ብትተዉት በደሴ ንፋስ ወዲያው ይደርቃል፣ እንዲያውም ከበፊቱ ብሶ ሊደርቅ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚተነው ውሃ የቆዳውንም እርጥበት ይዞ ይሄዳል።

ከገበያ ወይስ ከሱፐርማርኬት?

እኛ አገር አጃ አዲስ ነገር አይደለም። በደጋው ከገብስ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ ለአራስና ለታመመ ሰው አጥሚት የሚሠራበት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው "ቤት ያለው የአጃ ዱቄት አይሆንም ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ዱቄቱ ምን ምን እንደገባበት ማወቃችሁ ላይ ነው የሚወሰነው።

ለአጥሚት የተዘጋጀ ዱቄት ብዙ ጊዜ የተቆላ ነው፣ ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ይሆናል፣ አንዳንዴም ቅመም አለበት። ለመጠጣት ጥሩ ነው። ለተቆጣ ቆዳ ግን አልመርጠውም፤ ቅመም የነካው ነገር በተጫረ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ጥሬውን አጃ ከእህል ነጋዴ ገዝታችሁ ልታዘጋጁ ከሆነ የተፈተገውን ጠይቁ። ገለባው ከነበረበት የቱንም ያህል ብትፈጩት ሻካራ ቁርጥራጭ ይተዋል፣ ያ ደግሞ ቆዳ ይቧጥጣል። እንክርዳዱንና ጠጠሩን ልቀሙ፣ እጠቡት፣ በደንብ ፀሐይ ላይ አድርቁት። አሁን የሁሉም ሰው ስህተት የሚመጣው መፍጫው ጋ ነው። ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት ከፊታችሁ ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። የበርበሬ ወፍጮ ለብቻው ቢሆንም እንኳ ብናኙ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሽሮ የተፈጨበት ድንጋይም ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት አይቶ ይሆናል። ቤት ያለ ብሌንደር ወይም የቡና መፍጫ ይሻላል፣ እሱም ታጥቦና ደርቆ። ሙቀጫ አልመክርም፤ ቅመም የተወቀጠበት እንጨት ሽታውን ብቻ አይደለም የሚይዘው።

ከሱፐርማርኬት በቆርቆሮ ወይም በካርቶን የሚሸጠው ጠፍጣፋ አጃ ከሁሉም ይቀላል። ተፈትጓል፣ ንጹህ ነው፣ በብሌንደር ቶሎ ይልማል። ዋጋው ከገበያው ይበልጣል፣ ግን ለቆዳ የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ዕቃ ብዙ ያቆያል። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፦ ስኳር፣ ወተት፣ ቫኒላ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለበትን ተዉት። የሚፈለገው አጃ ብቻ የተጻፈበት ነው።

ሦስተኛው ምርጫ አጃ ያለበት ሎሽን ነው። ጊዜ ለሌለው ሰውና ለጉዞ ምቹ ነው። ነገር ግን የጠርሙሱ ፊት ላይ የአጃ ሥዕል ስላለ ብቻ አትግዙ። ሽቶ የበዛበት ከሆነ ማሳከኩን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ የመጠቀሚያ ቀኑንም ማየት አትርሱ፣ የፋብሪካ ማሸጊያው የተነካ ከሆነም መልሱት።

እኔ የምመርጠው ጠፍጣፋውን ገዝቶ ቤት መፍጨትን ነው። በጀት ካጠረ የተፈተገው የገበያ አጃ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ልፋቱ ብቻ ነው የሚጨምረው።

መላሙን ለማወቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አማስሉ። ውሃው ወተት መስሎ ከቆየ ደርሷል። ከታች ከዘቀጠ እንደገና ፍጩት፣ በቀጭን ወንፊት ንፉት፣ ከዚያ ድገሙት።

ገንዳ ለሌለው ቤት

ስልክ ላይ የምታዩት ሁሉ "አንድ ኩባያ አጃ ገንዳ ሙሉ ውሃ ውስጥ ጨምሩ" ይላል። አብዛኛው ቤት ገንዳ የለውም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቢኖርም ማን ይሞላዋል? ስለዚህ የእኛን ቤት የሚመጥኑትን ላነጻጽር።

ሳፋ ለእጅና ለእግር አንደኛ ነው። ግማሽ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ በእጅ ማማሰል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ውሃው ክርናችሁን ብትነክሩበት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማበት ይሁን። ለሕፃን ወይም ለትንሽ ልጅ መላ ሰውነቱን በሳፋ ማጠብ ይቻላል፣ ግን አጃ ያለበት ውሃ በጣም ያንሸራትታል፣ ልጁን በአንድ እጅ እንኳ አትልቀቁት። አረጋዊ ካለ ወለሉን ወዲያው አድርቁ። በዚህ መውደቅ ከማሳከኩ የባሰ ችግር ነው።

ለወገብ፣ ለጀርባና ለጭን ሳፋ አይሆንም። እዚያ ጨርቅ ነው የሚሻለው። ንጹህ ነጠላ ጨርቅ ወይም አሮጌ ሻሽ በአጃው ውሃ ነክራችሁ ጭመቁት፣ የሚያሳክከው ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አኑሩት፣ ሲደርቅ እንደገና ንከሩት። ውሃ በጣም ይቆጥባል፤ አንድ ጆግ ይበቃል። ሌሊት ማሳከክ ለሚቀሰቅሰው ሰውም ይህ ነው የሚመቸው፣ ተነስቶ መታጠብ አያስፈልግማ።

ሻወር ለሚወስድ ደግሞ ከረጢቱ አለ። ዱቄቱን ንጹህ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ጨምሩና እሰሩት፣ ከሻወሩ መጨረሻ ላይ እያረጠባችሁ ጭመቁት፣ የሚወጣውን ነጭ ውሃ ሰውነታችሁ ላይ በእጅ አዳርሱ። ካልሲውን አትፈትጉበት። ዱቄቱ ውስጥ ስለሚቀር ፍሳሽ መውረጃውም አይደፈንም፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አጃ ቧንቧ ውስጥ ሲያብጥ ማስከፈቻው ከአጃው ይወደዳል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ውስጡን ድፉት፣ ለነገ አይቆይም።

ሊጥ አድርጎ መለጠፍስ? ለአንድ ሁለት የነፍሳት ንክሻ ወይም ሳማ ለለበለበው ቦታ ጥሩ ነው። ለሰፊ ደረቅ ቆዳ ግን አይመቸኝም። ሲደርቅ ቆዳውን ይወጥራል፣ ሲነሳም ይፋቃል።

በየትኛውም መንገድ፣ ሲጨርሱ በፎጣ መፈተግ የለም። መታ መታ አድርጋችሁ እርጥበቱ ሳያልቅ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቅባቱን ቀቡ።

ከአጃው በኋላ የሚቀባው

እዚህ ላይ ነው ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ሐረጎን ወርዶ የሚገባ ሰው ጃኬቱን መንገድ ላይ ያወልቃል። ቆዳም እንደዚያው የሚለብሰው ይለያያል።

ለደሴ ብርድ ቫዝሊን ነው ምርጫዬ። ሽታ የሌለው፣ ተራው። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ድረስ ይከለክላል፣ ተራ ዘይቶች ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው የሚያደርሱት። አለርጂ የሚያመጣው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። ችግሩ ማጣበቁ ነው፣ ልብስም ያበላሻል። ለማታ አድርጉት፤ ቀጭን አድርጎ መቀባትና የጥጥ ልብስ መልበስ። ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ቫዝሊን እርጥበት አይጨምርም፣ ያለውን ነው የሚዘጋው። ደረቅ ቆዳ ላይ ከቀባችሁት ድርቀቱን ነው የዘጋችሁት፤ ስለዚህ ነው ከአጃው ውሃ ቀጥሎ የሚመጣው።

ኮምቦልቻ ላይ፣ በተለይ ከሰዓት፣ ወፍራም ቫዝሊን ከላብ ጋር ተደምሮ የሙቀት ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። እዚያ ሽታ አልባ ሎሽን ወይም ቀለል ያለ ክሬም ቀን ቀን፣ ቫዝሊኑን ደግሞ ለተረከዝና ለእጅ ብቻ ማታ ማታ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ እጅና ክንዱ ሥራ ላይ ሲሆን እየባሰበት በእረፍት ቀኑ የሚሻለው ከሆነ፣ የሚነካው ነገር፣ ኬሚካል ወይም የሥራ ጓንቱ ጭምር፣ ምክንያቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አጃ ሸፍኖ ማቆየት የለበትም፤ ለሐኪም ሥራውን ጭምር ይንገር።

ግሊሰሪን ከቫዝሊን በተቃራኒ ውሃ ይስባል። ፋርማሲ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ንጹሁን ሳትበርዙ ከቀባችሁት ግን በደረቅ አየር ውስጥ ውሃውን የሚስበው ከራሳችሁ ቆዳ ነው፣ ያጣብቃል፣ አንዳንዱንም ያቃጥላል። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት ወይም ሦስት እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በርዙ፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ቀቡ፣ ከላዩ ስስ ቫዝሊን። በእኔ እይታ አጃ ለማዘጋጀት ጊዜ ለሌለው ሰው ሁለቱ አብረው በጣም ጥሩ ናቸው።

ለተሰነጠቀ ተረከዝ አጃም ቫዝሊንም ብቻቸውን ዘገምተኛ ናቸው። እዚያ ዩሪያ ያለበት ክሬም ነው የሚበልጠው፣ ለሰውነት 10 በመቶ፣ ለወፈረ ተረከዝ ከዚያ ከፍ ያለ። ፋርማሲ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፣ የማዳበሪያው ዩሪያ ቆዳ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ስንጥቁ ከደማ ያቃጥላል፣ እስኪገጥም ቆዩ።

ዘይት ለሚወድ የሱፍ ዘይት ከወይራ ዘይት ይሻላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፣ ወይራ ውድ ስለሆነ የተሻለ ይመስላልና። ግን በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሊያላላ እንደሚችል ተጠንቷል፣ በሱፍ ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ ቆዳው ራሱ የሚጠቀምበት ነው። የኮኮናት ዘይትም ጥሩ ነው፣ ካገኛችሁት።

አሁን ቅቤ። እናቶቻችንን ላስቀይም አልፈልግም፤ ለጋ ቅቤ ለጸጉር ስንት ዘመን ያገለገለ ነው፣ ያልተሰነጠቀ ደረቅ ቆዳንም ያለሰልሳል። ነገር ግን ጥሬ ነው፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት። በተቧጠጠ ወይም ውሃ በቋጠረ ቆዳ ላይ፣ በሕፃን ኤክዜማ ላይ አታድርጉት። ቫዝሊን እያለ ለቆዳ ቅቤን የምመርጥበት ምክንያት አላገኘሁም። ለእንጀራው ይቆይ።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

እሬት ፀሐይ ላቃጠለው ቆዳ ያቀዘቅዛል። የሚፈለገው መሀሉ ያለው ግልጽ ዝልግልግ ነው፤ ከቅርፊቱ ስር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያስቆጣ አንጠባጥባችሁ እጠቡት። ለድርቀት ግን ብቻውን አይበቃም፣ ሲደርቅ ቆዳውን ይይዛል።

ካላሚን የሚባለው የፋርማሲ ሎሽን ለጉድፍና ለንክሻ ነው። ያደርቃል፣ ስለዚህ ለደረቀ ቆዳ አይሆንም።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፦ በተቆጣ ቆዳ ላይ አንዳቸውንም አታድርጉ።

ወይባ የወሎ ሴት ውበት ነው፣ እወደዋለሁ። ቆዳችሁ በሚያሳክክበት ወቅት ግን ለጊዜው ይቅር። ሙቀትና ላብ ማሳከክን ይቀሰቅሳሉ። ማታ ከሰል ላይ ተጠግቶ እግር ማሞቅም እንደዚያው፤ የሚያሳክከው ቅልጥም ከእሳቱ ፊት ለፊት የሚሆነው መሆኑን ልብ ብላችሁ እዩ።

ሳሙናም ምርጫ ነው። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 5 አካባቢ ሲሆን የተለመደው ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፣ የልብስ ሳሙና ሰውነት ላይ ማድረግ ደግሞ ያለችውን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል። በበጋው ወቅት ሳሙና ለብብት፣ ለእግርና ለኀፍረት አካባቢ ይብቃ፣ ለቀረው ውሃ በቂ ነው። ልብስ ስታጥቡና በረኪና ስትነኩ ጓንት አድርጉ። አንዳንዱ ሰው ይህችን ብቻ አስተካክሎ አጃውም ሳያስፈልገው ይቀራል።

ስሙ የማይታወቀው ክሬም

ይህን በሙሉ ልብ ነው የምጽፈው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዙ ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬሞች፣ እንደ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን ያሉት፣ ማሳከክን በአንድ ሌሊት ያጠፋሉ። ለዚህ ነው ሰው የሚወዳቸው። ፊት ያቀላሉ ተብለውም ይሸጣሉ። ግን ሲለምዱ ቆዳ ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያወጣሉ፣ ብጉር ያበዛሉ፣ ሲተዉም መቅላቱና ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል። ጭርት ላይ ከተቀቡ ደግሞ መልኩን ቀይረው ያስፋፉታል፣ ሐኪሙም ለማወቅ ይቸገራል። ሐኪም ካዘዘላችሁ በታዘዘው ቦታና ለታዘዘው ጊዜ ተጠቀሙ፣ መድኃኒት ነውና። ጎረቤት ያዘዘው ከሆነ አጃው ቢዘገይም ይሻላል።

መቼ ከቤት ይወጣል?

አጃና ቅባቱን በአግባቡ እየተጠቀማችሁ በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ቆዳው መግል ከያዘ ወይም ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ ትኩሳት ካለ፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ ወደ ጤና ጣቢያ። ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ለሳምንታት የሚያሳክክ ከሆነ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የታይሮይድ ወይም የስኳር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል። ዓይን ቢጫ ካለ አትቆዩ።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ መዳፏንና የእግሯን ሥር ያለ ሽፍታ አጥብቆ የሚያሳክካት ከሆነ "እርግዝና ነው" ተብሎ አይታለፍ። ከጉበት ጋር የተያያዘ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ለጽንሱም ያሰጋል። በዚያው ቀን ትታይ። እህቶች፣ ይህን ለእርጉዝ ዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን ሲዘፈዝፍ ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት፤ ስሜቱ ደንዝዞ ሙቀቱን ላያውቀው ይችላል። በጣቶቹ መሀል በደንብ ይድረቅ፣ እዚያም ቫዝሊን አይቀባ።

ልጆችን በተመለከተ፣ አጃ ለብዙዎቹ ይስማማል፣ ግን ኤክዜማ ያለባቸው ሕፃናት ላይ አንዳንዴ አለርጂ ይታያል። መጀመሪያ ትንሽ የአጃ ውሃ በክርናቸው መታጠፊያ ላይ አድርጉና አንድ ቀን ጠብቁ። ከቀላ ወይም ካበጠ ተዉት። ለአዋቂም ቢሆን ይህች ሙከራ አትጎዳም። በቆሰለና በሚያዥ ቆዳ ላይ ዱቄት አይበተን።

የተፈጨውን ዱቄት በደረቅ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኑሩ፣ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት፣ ከሽሮና ከበርበሬ ዕቃዎች ራቅ ይበል፣ ላዩ ላይ "የቆዳ" ብላችሁ ጻፉበት። ጥቂት ጥቂት ፍጩ። የሻገተ ሽታ ካመጣ ወይም ነቀዝ ካያችሁበት ጣሉት። ውሃ የነካው ቅልቅል ግን በዚያው ቀን ያልቃል፤ ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ እንኳ አታሳድሩት።